ተሸክሞ ማስገባት ይበቃልን?



ዛሬ ላቀርብላችሁ የወደድሁት ጥያቄ ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም። በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜ ያመጣሁት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድ ሰው ሊገባበት የማይችለውን ቤት ሠርተን፣ ወይም ተከራይተን፣ ወይም እንዳለ ዝም ብለን ተቀብለን ስናበቃ፣ ያ ሰው በመጣ ጊዜ በፍቅር ተሸክመን ብናስገባው ግዴታችንን ፈጽመናልን?

ነገሩ የሆነው እዚሁ በክፍለ ከተማችን በኮልፌ ቀራንዮ ነው። መስማት የተሳናቸው ወንድሞችና እኅቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚገናኙበት አንድ ቤት አለ። የዚያ ቤት ጉድለት የብዙዎቻችን ቤት ጉድለት ስለ ሆነ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ለመኖሪያ የተሠራ የኪራይ ቪላ ሲሆን፣ ከግቢው ወደ በረንዳው ለመውጣት አምስት ደረጃ አለው። እኔ ወደዚያ መሄድ የጀመርሁት የምልክት ቋንቋ ለመማር ነበር። በመጀመሪያ ያስተማሩኝ ፊደል ነው። ፊደላችን በእጅ ሲነገር ያየ ሰው ደስታውን ያውቀዋል፤ የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ዘር ይናገራል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ካሉት ሰባቱ የትኛው እንደ ሆነ ያሳያል። ስለዚህ እጁን ማንቀሳቀስ የተከለከለ ሰው አናባቢ የሌለው ቃል ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ይህን አስቀድሜ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ቅዳሜ፣ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ሁላችንም ዊልቸር በምንለው፣ የሚሄድ አንድ ወጣት መጣ። መስማት የተሳነው ነው፤ በልጅነቱ ደግሞ ፖሊዮ እግሮቹን አድክሞበታል። ያን ሁሉ ኮብልስቶን ጎማውን በእጁ እየገፋ ደርሶ ከደረጃው ሥር ቆመ። እኛም ሳንጠየቅ አራት ሆነን ተነሣን። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ሆነን ወንበሩን ከነሰውየው አነሣነው። እኔ ከኋላ በቀኝ በኩል ነበርሁ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ልቤ ሞልቶ ነበር፤ መልካም ሥራ እየሠራሁ እንደ ሆነ ይሰማኝ ነበር። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስንደርስ ወጣቱ ድምፅ አሰማ። የፈራ መስሎን «አይዞህ! አይዞህ!» አልነው። እስቲ አስቡት፤ ለማይሰማ ሰው፣ ያውም ከጀርባው ሆኖ፣ አይዞህ!

በረንዳው ላይ ስናሳርፈው በዙሪያው የነበሩት ሁሉ እጃቸውን ከፍ አድርገው አወዛወዙ፤ የእነርሱ ጭብጨባ እንዲህ ነው። እርሱ ግን አላመሰገነንም። ጎንበስ ብሎ የግራ ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበ። እግሩ ከማሳረፊያው ወጥቶ ኖሮ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ጠርዝ ላይ ሲጋጭና ሲፈገፈግ ነው የወጣው። ቆዳው ተልጧል፤ ይደማል። ፖሊዮ የእግርን ኃይል እንጂ ስሜትን አይወስድምና ሕመሙ ሁሉ ተሰምቶታል። ከዚያም በእጁ ተናገረ፤ አስተርጓሚዋ እኅትም ወደ እኛ ዞራ «ልነግራችሁ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን እጄን ብለቅ እወድቅ ነበር ይላል» አለችን።

ውድ አንባብያን፣ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ከዚህች ዓረፍተ ነገር መላቀቅ አልቻልሁም። የሚሰማና የሚናገር ሰው በዊልቸር ላይ ሳለ ቢሸከሙት «ቆዩ፣ እግሬ!» ይላል፤ ሸካሚዎቹም ይቆማሉ። እርሱ ግን አንደበቱ እጁ ነው። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲያጋድል እንዳይወድቅ በሁለት እጁ መደገፊያዎቹን ጨብጧል። እንግዲህ እኛ በፍቅር ባነሣነው ጊዜ አፉን አፍነን ነው ያነሣነው። ደረጃ ለሌላው አካል ጉዳተኛ የእግር እንቅፋት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ወንድም ግን የአፍም እንቅፋት ነበር።

ኋላ ሳስተውለው በሜዳም ላይ ነገሩ ያው ነው። ጎማውን የሚገፋው በእጁ ስለ ሆነ እየሄደ መናገር አይችልም፤ ለመናገር መቆም አለበት። ሌላ ሰው ከኋላ ሆኖ ቢገፋው እጁ ነፃ ይወጣል፤ ነገር ግን የሚገፋውን ሰው ስለማያየው ከእርሱ ጋር ሊነጋገር አይችልም። ስለዚህ በእርጋታ የሚወጣበት፣ ሲፈልግ ቆሞ የሚያወራበት፣ ጓደኛው ከጎኑ ሆኖ የሚሄድበት ሰፊ መንገድ ለእርሱ ቅንጦት አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ሰው እየተጨዋወቱ ወደ ቤት መግባት ማለት ነው።

በዚያ ቀን ቁስሉ ታጥቦ ከታሰረ በኋላ ሻይ ቀረበና ክርክር ተነሣ። ከቤቱ ኮሚቴ አባላት አንዱ፣ ራሳቸውም መስማት የተሳናቸውና በዕድሜ የገፉ አባት፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን የተናገሩት ቃል ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። «እኛ በስንት ደጅ ቆመናል» አሉ። «ፍርድ ቤት ስንሄድ፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ማን አስተረጎመልን? አሁን ለራሳችን አንድ ቤት አገኘን። ያለችን ጥቂት ገንዘብ ለኪራይና ለአስተርጓሚ አልበቃችም። ቤቱ የጆሮ ጉዳት ላለባቸው የተቋቋመ ነው፤ የእግር ጉዳት ያለበት በዓመት አንድ ቢመጣ ነው። ደረጃውን እናፍርስ ብንል አከራዩ አይፈቅድም። ልጁ ወንድማችን ነው፤ ሁልጊዜም እንሸከመዋለን።»

ይህን ንግግር በቀላሉ የሚያጣጥል ሰው ካለ እርሱ በሰው ደጅ ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው። እኔም በልቤ ልመልስላቸው ስሞክር በመጀመሪያ የቀለለኝ «በዓመት አንድ ነው» ያሉት ብቻ ነበር። መግባት ያልቻለ ሰው ተመልሶ ይሄዳል፤ ተመልሶ የሄደ ሰው አይቈጠርም፤ ያልተቈጠረ ሰው ደግሞ የለም ይባላል። ደረጃው ራሱ ቆጣሪ ሆኖ ተቀምጧል።

ደግሞም እንዲህ ያለውን ነገር በሌላ ሰፈር ቢሉት ይሻል ነበር፤ በኮልፌ ቀራንዮ ግን እንዴት ይባላል? በዘነበወርቅ በኩል ያለፈ ሰው ሁሉ አለርትን ያውቃል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል የተተከለበት፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለመላው አፍሪካ የሕክምና፣ የተሐድሶና የሥልጠና ማዕከል ሆኖ አለርት የተቋቋመበት ስፍራ ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ሕሙማን ወደ አገራቸው መመለስ እያፈሩና እየተገፉ በዙሪያው መንደር መሥርተው ቀርተዋል። ክራንችና ዊልቸር በዚህ ሰፈር እንግዳ ነገር አይደለም። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ ከፖሊዮ በተቃራኒ ስሜትን ይወስዳል፤ እንዲህ ያለ ሰው እግሩ በደረጃ ጠርዝ ቢላጥ ቤቱ ገብቶ ጫማውን እስኪያወልቅ ላያውቀው ይችላል። አራቱ ሸካሚዎች የትኛውን ሰው እንደ ተሸከሙ በምን ያውቃሉ?

ሁለቱ ጉዳቶች በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸውም ተአምር አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ የምንለው በሽታ አከርካሪ አጥንት ላይ ሲወጣ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል፤ ለዚሁ በሽታ ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ደግሞ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። አገራችን በማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት፤ በ1981 እና በ1989 እ.ኤ.አ. ከባድ ወረርሽኝ ደርሶባታል። ይህ በሽታ ከሞት ያመለጠውን አንዳንዱን ሰው መስማት አሳጥቶ፣ አንዳንዱን እጅ ወይም እግር አሳጥቶ፣ አንዳንዱን ሁለቱንም ወስዶበት ይለቀዋል። በሽታ የማኅበራትን ድንበር አያውቅም፤ የጆሮ ማኅበር፣ የእግር ማኅበር፣ የዓይን ማኅበር ብለን የከፋፈልነው እኛ ነን።

አሁን ወደ ከባዱ ልመለስ። «እኛ ራሳችን ተገፍተናል፤ እናንተ ያላደረጋችሁልንን እኛ ለሌላ እንድናደርግ ትጠይቁናላችሁን?» የሚለው ነው። እኔ ሰሚ ነኝ። ለአባቶች ይህን ለመስበክ መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ነገር ግን መገፋት ምን ይሰጣል ብዬ ስጠይቅ ከግዴታ ነፃ የሚያወጣ ወረቀት ይሰጣል ብዬ ማመን አቃተኝ። መገፋት የሚሰጠው ዕውቀት ነው። ሰዎች በሚስቁበት ክፍል ተቀምጦ ለምን እንደሚስቁ አለማወቅ ምን እንደ ሆነ፣ በቤት ውስጥ እየኖሩ ከቤት ውጭ መሆን ምን እንደ ሆነ እነዚያ አባት ከእኔ መቶ እጥፍ ያውቁታል። ያ ወጣት ከደረጃው ሥር ሲቆም ምን እንደሚሰማው በዚያ ቤት ውስጥ ካለው ሰው ይልቅ የሚረዳ ማን አለ?

ሕጉም ሁለቱን ነገሮች ለይቶ አላያቸውም። በታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀውና አገራችን በ2010 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 9 ስለ ሕንፃና ስለ መንገድ ይናገርና በዚያው አንቀጽ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ሕንፃዎች ስለሚያገለግሉ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች ይናገራል። የእነዚያ አባት አስተርጓሚና የዚያ ወጣት መወጣጫ በአንድ አንቀጽ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። የራሳችን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚሳናቸው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ቤቱ ይዘጋ!» አሉኝ። ይህ ደግሞ የባሰ ስንፍና ነው። ቤቱ ቢዘጋ ያ ወጣት የሚገባበት ቤት አያገኝም፤ ሌሎቹ ግን የነበራቸውን ያጣሉ።

ይልቅ አንድ ያልጠበቅሁትን ነገር ላጫውታችሁ። በዋሽንግተን ከተማ ጋሎዴት የሚባል፣ በ1864 እ.ኤ.አ. የኮሌጅ ሥልጣን የተሰጠው፣ መስማት ለተሳናቸው የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐንሰል ባውማን ከተባለ አርክቴክት ጋር ሆነው በዓይን ለሚያዳምጥ ሰው ቤት እንዴት ይሠራ ብለው ሲመረምሩ ዴፍ ስፔስ የተባለ ሥርዓት አወጡ። በምልክት ቋንቋ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች ሲሄዱ ዓይናቸው ጓደኛቸው ላይ ነው፤ እግራቸውን አያዩም። ደረጃ ሲመጣ ወይ ጨዋታው ይቋረጣል፣ ወይ ሰው ይወድቃል። ስለዚህ ቀስ ብሎ ዘንበል ያለ መወጣጫ ከደረጃ ይሻላል አሉ። እየተያዩ ጎን ለጎን ለመሄድ ሰፊ ኮሪደር ያስፈልጋል፤ ሰፊው ኮሪደር ደግሞ ለዊልቸር የሚስማማው ያው ነው። እንግዲህ መወጣጫው መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከጉሮሯቸው ነጥቀው ለሌላ የሚሰጡት ምጽዋት መስሎን ስንከራከር፣ ለካስ ለራሳቸውም ለጨዋታቸው የሚበጅ ኖሯል! ይህን ለእኚያ አባት በተሰባበረ ምልክቴ ስነግራቸው በመጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎም በዚሁ ደረጃ ላይ እያወሩ ሲወጡ ሁለት ጊዜ መውደቃቸውን ነገሩኝ።

ነገር ግን ጥቅም አለውና ይሠራ ብቻ ብዬ ብተወው ጥያቄዬን ከዳሁት። መወጣጫው ለማንም ሌላ የማይጠቅም ቢሆንስ? እዚህ ላይ ነው የመሸከም ነገር የሚመጣው። መሸከም ፍቅር ነው፤ አልክድም። በማርቆስ ወንጌል አራቱ ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ጣሪያ ነድለው ማውረዳቸውን ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተናል፤ እምነታቸውም ተመስግኗል። እኔ ግን አሁን ሳነበው ዓይኔ የሚያርፈው በደጁ ላይ በተጨናነቀው ሕዝብ ላይ ነው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ትምህርት እየሰሙ ነበር። አንዳቸውም ዞር ብለው መንገድ ባለመልቀቃቸው ነው ጣሪያ መፍረስ ያስፈለገው። (ጣሪያውን ኋላ ማን እንደ ጠገነው አልተጻፈም፤ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) ያም ሰው ተሸክመው ካመጡት በኋላ አልጋውን ራሱ ተሸክሞ ነው የወጣው እንጂ ዕድሜ ልኩን ሲሸከሙት አልኖረም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሎሚውን ማንም አልጠየቀውም። የሚሸከሙት ሰው ሸካሚዎቹ እስኪገኙ ይጠብቃል፤ ሽንት ቤት መሄድ ሲፈልግ ይጠብቃል፤ ተቈጥቶ መውጣት ሲፈልግ እንኳ የተቈጣቸው ሰዎች እንዲያወጡት መለመን አለበት! በገባና በወጣ ቍጥር ውለታ ይቈጠርበታል፤ በውለታ የተሞላ ሰው ደግሞ በስብሰባ ላይ «አይሆንም» ለማለት ይከብደዋል። የሲሚንቶ መወጣጫ «እኔ ነኝ ያስገባሁህ» አይልም። ፍቅር ለሰው ልጅ ካስፈለገ መወጣጫውን ሲሠራ እጁን ያቈሽሽ፤ ከዚያ በኋላ ግን ባይታይ ይመረጣል።

ሥራው ራሱ ተአምር አይጠይቅም። በብዙ አገር የታወቀው ልክ ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ ዐሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ነው። የዚያ ቤት አምስት ደረጃ ሲለካ 80 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ስለዚህ 9 ሜትር ከ60 ርዝመት ያስፈልገዋል፤ በመካከሉም ማረፊያ ይኑረው። አከራዩ ማፍረስ ቢከለክል ብየዳ ቤት ከወፍራም ላሜራ ተሠርቶ የሚነሣና የሚቀመጥ ይሆናል፤ ኪራዩ ሲያልቅ አብሮ ይሄዳል። ይህም እስኪሆን እነዚያ ወንድሞች ያደረጉትን ላመስግን፤ በማግሥቱ ቅዳሜ አግዳሚዎቹን ሁሉ አውጥተው በግቢው ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ያ ወጣትም ያለ ሸካሚ ገብቶ እንደ ልቡ አወራ። በመካከሉ ግን ሌላ ነገር ታየ፤ ሰዎች ቆመው ሲነጋገሩ እርሱ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ የሚናገሩት እጆች በሰው ጀርባ ተሸፈኑበት። ለሰሚ ሰው ከኋላ መቀመጥ ድምፅ አያሳጣውም፤ ለእርሱ ግን ቃሉ ራሱ ጠፋ። ወዲያው ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ሰኔ ሲገባና ዝናቡ ሲበረታ ግን «በእኔ ምክንያት ሕዝቡ አይዝነብበት» ብሎ መምጣቱን ተወ። ላሜራው እስከ አሁን አልተሠራም፤ ገንዘብ እየተዋጣ ነው።

ስለ ሌሎች ቤት ይህን ያህል ከጻፍሁ በኋላ ስለ ራሳችን ዝም ማለት አፈርሁ። ባለፈው እሑድ ከመርሐ ግብር በኋላ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ የአዳራሻችንን መግቢያ ለካሁ። ሦስት ደረጃ ነው፤ 48 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የሚያስፈልገን 5 ሜትር ከ76 ነው። በስተቀኝ ግድግዳው አለ፤ በስተግራ ግን በቂ ቦታ አለ፤ ይሁን እንጂ በዚያ በኩል የውኃ ሮቶውና እኅቶቻችን የተከሉት የአበባ መደብ ይገኛሉ። ሮቶውን ባዶ በሆነበት ቀን አራት ሆነን ልንገፋው እንችላለን። የአበባውን ነገር ግን ራሳችሁ ስለተከላችሁት፣ ከመንቀላችን በፊት እናንተን መጠየቅ ነበረብኝ።